የውቅያኖስ አቤቱታ

«ጨው ይበቃዋል በይልኝ» አለች ልጅቱ። አባቷ የተቀመጠው ከፊት ለፊቷ ነው፤ ጠረጴዛዋ ከመጥበቧ የተነሳ የሦስቱም ጉልበት ከሥር ይነካካል። ቃሏን የተቀበለችው ግን አክስቷ ነበረች። አክስትዮዋ የጎረሰችውን ዳቦ አላምጣ ከዋጠች በኋላ ወደ ወንድሟ ዞር ብላ፣ ጨው ይበቃሃል ትልሃለች አለችው። እሱም ዓይኑን ከእንቁላሉ ላይ ሳያነሳ፣ ሐኪም የሆነችው መቼ ነው ብለሽ ጠይቂልኝ አላት። ይህንንም አደረሰች። እንዲህ ሲያደርጉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን አክስትዮዋ መልእክቱን የምታመላልሰው እየሳቀች ነበር፤ ቆየት ሲል ማሳጠር ጀመረች፤ አሁን ደግሞ ያልጣማትን ቃል እንደመሰላት እያሻሻለች ታደርሰዋለች፤ ሁለቱም እየሰሙ ዝም ይሏታል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚህ ቤት ዝምታ ግን በየቁርሱ ሲነቅዝ ይታይ ነበር።

የጠቡ መነሻ ትልቅ ነገር አይደለም። አባትየው በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የጻፈው ወረቀት ሁሉ «ጉዳዩ፦» ብሎ ስለሚጀምር ሰፈሩም ደንበኛውም ጋሽ ጉዳዩ ይለዋል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት እህቱ፣ ልጁና የመታወቂያ ክፍሉ ብቻ ናቸው። ልጁ አስተማሪ ናት። ከሁለት ወር በፊት በዚያ በር ስታልፍ፣ አንዲት ባልቴት ያጻፈችውን ማመልከቻ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አነበበችና፣ በደንበኛ ፊት «አባባ፣ እኚህ ሴትዮ የሚጠይቁት መብታቸውን ነው፤ ለምን ታንበረክካቸዋለህ?» አለችው። እሱም ሳይንበረከክ የተሰማ ሰው ካለ አምጪና አሳዪኝ አላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሁለቱም መመለሻው ጠፋቸው።

በዚያ ጠዋት ልጅቱ ደብተሮቿን ታቅፋ ቀድማ ወጣች። እህትየው ወንድሟን እስከ በር ተከትላ የኮቱን ትከሻ እያራገፈች በሹክሹክታ ነገረችው። የልጅቱ የሙከራ ጊዜ ዛሬ ያልቃል፤ ርዕሰ መምህሩ የልጆቹን ሥራ አይቶ ወይ ውሏን ይፈርምላታል ወይ ያሰናብታታል፤ እሷም ለዚሁ ብላ አንድ ለየት ያለ ትምህርት ሳምንቱን ሙሉ ስትደክምበት ከርማለች። ጋሽ ጉዳዩ ልቡ ድንግጥ አለ። ባለፈው ዓመት ሁለት ትምህርት ቤቶች በዚሁ ሙከራ በሚሉት ነገር አሰናብተዋታል፤ ሦስተኛውም እንቢ ካላት ሻንጣዋን ይዛ ሌላ ከተማ ሥራ ፍለጋ እንደምትሄድ ለአክስቷ ስትነግራት ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ሰምቷል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሰው ሆኖ ግን ኩራት ያዘውና «እኔን ምን አገባኝ፣ እትዬ» ብሎ ወጣ። አዲሱ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር፤ እዚያ የገባችው ከተኳረፉ በኋላ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ መታረቅ ያስፈልጋል።

ቢሮው አንድ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ የቀለም ማስታወቂያ የተጻፈበት ትልቅ ጃንጥላና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ እስክሪብቶ፣ ካርቦን፣ የጣት አሻራ ማንሻ ቀለምና ለሚያለቅስ ደንበኛ የሚሆን ሶፍት አለ። ተራ ማመልከቻ የግማሽ ኪሎ ስኳር ዋጋ፣ ይግባኝ የአንድ ኪሎ፤ ሶፍቱ በነጻ። ከማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ጋር ውል የላቸውም፤ ዘበኛው ብቻ ማንበብ አይወድም። ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ያስቆምና ከላይ መሀል ላይ «ጉዳዩ» የሚል ከሥሩ የተሰመረበት ነገር ካለ ያስገባዋል፤ ከሌለ በአገጩ ወደ ጃንጥላው ያመለክተዋል። በዚህች አገጭ ጋሽ ጉዳዩ ልጅ አሳድጎባታል።

ሦስት ሰዓት ላይ አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች በሩን ሞሉት። የከተማው ተማሪ ሁሉ የሚለብሰው አረንጓዴ ሹራብ ስለሆነ ከየት መጡ ብሎ የሚገረም የለም። ሁሉም ኅዳጉ በቀይ የተሰመረ ወረቀት ይዘዋል። ዘበኛው የፊተኛውን ልጅ ወረቀት ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየው። «ሰላም ለእርስዎ ይሁን! ዓለማችን እየሞቀች መሆኑን ያውቃሉ?» ይላል። ዘበኛው አያውቅም ነበር። መሀል ላይ የተሰመረ ነገር ቢፈልግ አጣ። አገጩን ቀሰረና ሠላሳ ሁለቱንም ወደ ጃንጥላው ላካቸው።

ልጆቹ እየተሻሙ ለጋሽ ጉዳዩ አስረዱት። ስለ ዓለም ችግር ለአካባቢያችሁ ሹም የሚያሳምን ደብዳቤ ጻፉ፣ ራሳችሁ ወስዳችሁ ስጡ፣ የመዝገብ ቁጥር ተቀብላችሁ ከስድስት ሰዓት በፊት ተመለሱ ተብለዋል። ጋሽ ጉዳዩ በሆዱ ያንን አስተማሪ አደነቀ። ልጅን ከመጽሐፍ አውጥቶ መዝገብ ቤት የሚልክ ደፋር ሰው ነው፤ የእኔዋ ደግሞ በዚህ በር ማለፍ እንኳ ታፍራለች ብሎ ቅር አለው። ለልጆቹ ዋጋውን ወደ አንድ ዳቦ አወረደላቸው፤ ዳቦም ለሌለው ተወለት፤ መነጽሩንም ጠራረገ።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ነበር። የሰሜን ዋልታ በረዶ እየቀለጠ መሆኑን በኀዘን ተናገረ።

«በረዶው ያንተ ነው?» አለው ጋሽ ጉዳዩ።

«የሁላችንም ነው።»

«የሁላችንም የሆነ ነገር መዝገብ ቤት አይቀበልም፣ የኔ ልጅ። አንተን ምን ጎዳህ? መቼ? የት? ማን አየ? በማን ላይ ነው የምታመለክተው?»

ልጁ አሰበ። ጎዳኝ የሚለው ነገር ቢኖር ክፍላቸው ምድጃ መሆኑ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጆች ራሳቸውን ስተው ያውቃሉ። ለምን ሞቀ? ጥላ የነበረው ዛፍ ስለተቆረጠ። ማን ቆረጠው? ርዕሰ መምህሩ፣ መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ ሲፈልጉ። መቼ? ባለፈው ወር፣ ሰኞ፣ ከሰልፍ በኋላ። ጋሽ ጉዳዩ እየበሰለለት የመጣ ጉዳይ ሲያገኝ እንደልማዱ ምራቁን ዋጥ አደረገና ጻፈ፤ «ጉዳዩ፦ የዋልታ በረዶ መቅለጡን ስለማመልከትና በተቆረጠው ዛፍ ምትክ ሌላ እንዲተከልልን ስለመጠየቅ።» አመልካች እገሌ፣ ዕድሜ አሥራ ሦስት፤ ተጠሪ ርዕሰ መምህሩ። ከዚያም በታላቅ ትህትና እግርዎ ሥር ወድቄ አመለክታለሁ የምትለዋን ጨመረባትና፣ ልጁ ራሱ በእጁ ጽሕፈት እንዲገለብጠው አዘዘው። ጽሕፈቱና ፊርማው ካልተመሳሰለ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብለው ይጥሉታል፤ ይህን ሃያ ስድስት ዓመት አይቷል።

የሚቀጥለው ስለ ዓለም ጦርነት ነበር። ተጠሪ ሲፈለግ ዞሮ ዞሮ በልጁ ግቢ በአንድ የልብስ ማስጫ ገመድ የሚጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ላይ አረፈ፤ «በዓለምም ሆነ በግቢያችን ሰላም እንዲወርድልኝ» ተብሎ ተጻፈ። የዓለም ረሃብ ያለችው ልጅ ዳቦ ጋጋሪው በየቀኑ ግራም እንደሚቀንስ በሚዛን አረጋግጣ ነበር። ስለ ዓሣ ነባሪ መጥፋት የጻፈውን ልጅ ግን ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው መያዣ አጣለት፤ ዓሣ ነባሪ በማዘጋጃ ቤታችን ክልል ስለማይኖር ሥልጣን የለንም ይሉሃል ብሎ፣ ልጁ እስኪያለቅስ ድረስ ካከራከረው በኋላ በሰፈሩ ወደሚመረዙት ውሾች አዛወረለት። ልጆቹ አንዱ የሌላውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ይገለብጣል፤ ዘበኛው የተሰመረውን እያየ በደስታ ያስገባል፤ ከውስጥ የማኅተም ድምፅ ይሰማል። የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ ይዞ የመጣ አንድ ሽማግሌ ተራውን ትቶ ሲያዳምጥ ቆየና፣ በረዶው ላይ እኔም ልፈርም ብሎ አስቸገረ።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የቀረችው አንዲት ደቃቃ ልጅ ብቻ ነበረች። ጓደኞቿ ጠበቃ ይሏታል፤ ከማን ጋር እንደምትከራከር ስለማትመርጥ ነው። ጉዳይዋ ውቅያኖስ ነው፤ ፌስታል እየዋጡ የሚሞቱ የባሕር ኤሊዎች። ባሕር አይታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አላየችም፤ ፌስታሉ በየት በኩል እንደሚሄድ ግን ታውቃለች። የማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ መኪና በየማክሰኞው አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እስከ ከተማው ዳር ድረስ መሄድ ሲሰለቸው ከትምህርት ቤታቸው ጀርባ ወንዙ ውስጥ ይደፋል። ወንዙ ትልቁን ወንዝ ይገባል፤ ትልቁ ወንዝ ባሕር ይገባል፤ ካርታ ላይ አይታዋለች። የመኪናውን ታርጋ፣ የአምስት ማክሰኞ ቀንና ሰዓት በእጇ መዳፍ ላይ ጽፋ መጥታለች።

ጋሽ ጉዳዩ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮቶች ቀና ብሎ አየ። ተጠሪው ራሱ ማዘጋጃ ቤቱ ሊሆን ነው፤ ዳኛውም ዝሆን ከሳሹም ዝሆን ማለት ይኸው ነው። ነገር ግን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ደንበኛ ቀን፣ ሰዓትና ታርጋ ይዞለት አያውቅም፤ የሙያ ደስታ አሸነፈውና እጁ ራሷ መጻፍ ጀመረች። ትህትናዋ ጋ ሲደርስ ልጅቱ እጁን ያዘችው። መምህራችን እንደ በር ላይ ጸሐፊዎች አትንበርከኩ ብላናለች አለችው። ጋሽ ጉዳዩ ከነከነው፤ መምህርሽ ስንት ማመልከቻ ጽፋ ታውቃለች ብሎ ጠየቃት። ያለዚች መስመር መዝገብ ቤቱ አይቀበልሽም ብሎ አሳመናት፤ እሷም እግር ሥር መውደቁን አስፍቃ ትህትናውን ብቻ ፈቀደችለት። ከዚያ ወደ ምስክር ዝርዝር ገቡ። መምህራችን አብራን አይታለች፣ እሷ አንደኛ ምስክር ትሁን አለች። ምስክር ከነአባቱ ስም ነው የሚጻፈው አላት። ልጅቱ የመምህሯን ስም ነገረችው። የአባቷን ስም ስትጨምርበት እስክሪብቶው ቀጥ አለ፤ የራሱ ስም ነበር።

 በረዶውን፣ ዛፉን፣ ርዕሰ መምህሩን፣ ሁሉንም በአንዴ አየው። ልጁ ዛሬ ሥራዋን አሳይታ ውል የምታስፈርመው ሰውዬ በተማሪዎቿ እጅ ጽሕፈት ተከሷል፤ በዚያ ላይ እሷ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ልትመሰክር ነው፤ ትምህርት ቤቱም የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው እሱ ነው፤ ያውም በዳቦ ዋጋ። ሌላ ምስክር እንፈልግ፣ መምህር አያስፈልግም ብሎ ልጅቱን ለመናት። «አይታለች እኮ» አለች ጠበቃ። ዘበኛውም ቢሆን ይበቃል አላት። «ዘበኛው መቼ አየ?» አለችው። ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት ይላሉ፤ ልጅቱ ስሙን ራሷ አስገባችና ወረቀቷን በጥንቃቄ ገልብጣ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ ብላው በበሩ ገባች።

ጋሽ ጉዳዩ ተከትሏት ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሲደርስ ማኅተሙ ወርዶ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሴት የሹራብ መሥሪያዋን እንደያዘች አየችው። ወረቀቶቹ እንዲመለሱለት ለመናት። ቁጥር የጎረሰ ወረቀት እንደማይተፋ ለሰው ስታስተምር የኖርከው አንተ አይደለህም ወይ አለችው። እውነቷን ነው። ማንሳት የሚቻለው ሠላሳ ሁለቱም አመልካቾች አንስተናል ብለው በጽሑፍ ሲያመለክቱ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ቁጥራቸውን እያውለበለቡ ወደ ትምህርት ቤታቸው እየሮጡ ነበር። መስኮቱ ሥር ቆሞ ሲለማመጣት ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ከዚያ የአቤቱታ ክፍሉ ኃላፊ ሠላሳ አንዱን እየሳቀ እንዳነበበ፣ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሳቁን አቁሞ ስልክ እንዳነሳ ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ርዕሰ መምህሩ፣ መምህሯና አመልካቿ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርተዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ነገ ተመለስ እያለ ሰደደ። ምሳም አልበላም። ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ ልጁ ከኋላ፣ ጠበቃ ከእሷ ጎን ሆነው በበሩ ገቡ። ልጁ ጃንጥላውን አየች፤ ካርቦኑን አየች፤ አባቷን አየች። ሁሉም ነገር ገብቷታል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የምታደርስላት አክስት ግን በቦታው ስላልነበረች ቃሉን መልሳ ዋጠችውና አለፈች። ጋሽ ጉዳዩ ጃንጥላውን አጠፈ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ወረቀቱ እንጂ እግሩ ረግጦት የማያውቀውን ደረጃ ወጣ።

የኃላፊው ክፍል ውስጥ የማይዞር የጣሪያ ማራገቢያ፣ ሁለት ስልክ፣ በድስት ክዳን መጠን ያለ የስኒ ማስቀመጫ የተከደነበት የውሃ ብርጭቆና ስፖንጁ የወጣ ሶፋ ነበር። ሶፋው ላይ ጠበቃ እግሯ መሬት ሳይነካ ተቀምጣለች። ኃላፊው ሠላሳ ሁለቱን ወረቀቶች ፊቱ ደርድሮ፣ ይህን ታርጋ ለልጆች የሰጠ ማን ነው፣ ከኋላቸው ያለው ጠበቃ ማን ነው እያለ ይጠይቃል። ሶፋው ላይ ያለችው ልጅ እጇን አወጣች፤ ማንም አላያትም። ርዕሰ መምህሩ የዛፉን ወረቀት ካነበበ ወዲህ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ጋሽ ጉዳዩ ሳያንኳኳ ገባና፣ ከደጅ ጀምሮ ያዘጋጀውን ንግግር ሁሉ ረስቶ ተናገረ።

«ክቡር ኃላፊ፣ ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ የገለበጡት የእኔን ቃል ነው፤ መምህሯም ምንም አታውቅም።»

ልጁ ወደ እሱ ሳትዞር ወደ ኃላፊው ተጠጋች። «ለሰውዬው ይንገሩልኝ፤ ሥራውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለም የእኔ ነው።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለች» አለ ኃላፊው ሳይታወቀው።

«እሷ የሰጠችው በረዶ ነው፤ መኪናውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ይበሉልኝ።»

«መኪናውን ያመጣው እሱ...» ብሎ ኃላፊው ጀመረና ድንገት ቆመ። «እኔ እዚህ ምንድን ነኝ? ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

ልጄ ናት፣ አባቴ ነው የሚሉት ቃላት በአንድ ጊዜ ወጡ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ተነሳ። ነገሩ አሁን ተገለጠ አለ፤ ለካ ልጆቹን ወደዚህ የላከቻቸው ለአባቷ ገበያ ልታመጣለት ነው፤ ራሳቸው ይጽፋሉ ያለችው የልጆች ሥራም የሽማግሌ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ዛሬ ነው፤ አልፈርምላትም፣ ትሂድ፣ ጉዳዩም በዚሁ ይዘጋ። ልጁ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገው ጀመር፤ ጋሽ ጉዳዩ ይህን ያውቃል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ላለማልቀስ አንድ ነገር ትጠርጋለች። ሊያድናት ብሎ ገብቶ ገደል የከተታት መሰለው፤ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

ኃላፊው ግን ስለ ውል ሳይሆን ስለ ታርጋው ነበር የሚጨነቀው። ወደ ሶፋው ዞሮ ልጅቱን፣ ይህን ማን አስጻፈሽ አላት። ጠበቃ ከሶፋው ወርዳ ቆመች። መምህራችን ምን እንደምትፈልጊና ሹሙ ለምን እሺ እንደሚልሽ አስቢ አለችኝ አለች። ጋሼ ደግሞ መቼ፣ የት፣ ማን አየ አሉኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ በመስኮት ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሽታው ሲመጣ መስኮቱን የዘጋችው መምህራችን ናት፤ ለዚህ ነው ምስክር ያደረግኳት። ከዚያም ትንፋሽዋን ስባ፣ መኪናው እውነት ከሆነ ማን አስጻፈሽ ለምን ይጠየቃል አለች። ኃላፊው ብርጭቆውን ከፈተና ውሃ ጠጣ።

ምስክር የሚለው ቃል ጋሽ ጉዳዩ ጆሮ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ቀሰቀሰ። ሲጽፈው ያስደነገጠው ስም ነው፤ እንደ አባት ደንግጦ እንደ ጸሐፊ ሳያስብበት ቀርቷል። ኮቱን አስተካከለና ፈቃድ ጠየቀ።

«በአቤቱታ መመሪያው አንቀጽ አሥራ ሰባት፣ ቁጥር በተሰጠው አቤቱታ ላይ በምስክርነት የተቆጠረ ሠራተኛ፣ ቋሚም ሆነ በሙከራ ላይ ያለ፣ ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ አይሰናበትም፣ አይዛወርም።»

አንቀጹ የገባው በአንድ ወቅት የነበረ ሹም የመሰከሩበትን ሁሉ በአንድ ሳምንት ጠረፍ ላይ በትኗቸው ስለነበር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስታወሰው ሰው የለም። ኃላፊው ቁም ሳጥኑን ከፍቶ መመሪያውን አወጣ፤ አቧራው አስነጠሰው። ገጹን በጣቱ ተከትሎ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ አቀበለው። ርዕሰ መምህሩ «በሙከራ ላይ ያለ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ቲማቲምነቱ ለቀቀው። እንግዲያው ጉዳዩ ቶሎ እልባት ይሰጠው ብሎ ኃላፊውን ተማጠነ። ኃላፊውም ጠረጴዛውን መታና፣ በሳምንት ውስጥ ተጣርቶ ይዘጋል፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ አለ።  መዝገቡን ይዛ በሩ አጠገብ የቆመችው የመዝገብ ቤቷ ሴት ሳል ይዟት ፊቷን በሹራቡ ሸፈነች። ስትረጋ፣ ፋይሉን ከየትኛው ጋር ላስቀምጠው ብላ ጠየቀች፤ በሳምንት ይዘጋል ከተባለው ከተሰበረው የውሃ ቱቦ ጉዳይ ጋር ይሁን ወይ፣ እሱ አሁን አሥራ አንደኛ ዓመቱ ነው።  ርዕሰ መምህሩ ራሱ ሳቀ፤ የመሸነፍ ሳቅ ነበር፤ ነገ ሰዓትሽን አክብረሽ ግቢ ብሏት ወጣ።

አባትና ልጅ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ጠበቃ ሁለት ሁለት እርከን እየዘለለች ቀድማቸው ወርዳለች። ከመጠምዘዣው ላይ ልጁ ቆመችና መነጽሯን ዓይኗ ላይ መለሰች።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ በእውነት ስንት ዓመት ይፈጃል?»

የጠየቀችው ራሱን ነው፤ በመካከላቸው ማንም አልነበረም።  ጋሽ ጉዳዩም፣ ኃላፊ ከተቀየረ እንደገና ከመጀመሪያው ይጣራል፤ ኃላፊ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ሳትሰጊ ቤት ሠርተሽ ልጅ ወልደሽ ታሳድጊበታለሽ አላት። ደስታውን መደበቅ አልቻለም። እሷ ግን አልሳቀችም። ይህን ሁሉ ዓመት መኪናው ወንዙ ውስጥ ሊደፋ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ምን ይደረግ፣ ማዘጋጃ ቤት መንግሥተ ሰማያት አይደል አላት። በየሳምንቱ ማስታወሻ እንጽፋለን፣ እኔም ልጆቹም፣ ሰልችቷቸው እስኪያቆሙት ድረስ አለች።

«ጉዳዩ ከተዘጋ እኮ ሥራሽም አብሮ ይዘጋል።»

«አውቃለሁ።»

ጋሽ ጉዳዩ ትኩር ብሎ አያት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ለራሱ ጉዳይ ሲለምን ሰምቷል፤ ራሱ ላይ ለሚፈርድ ጉዳይ ቶሎ ይለቅልኝ ብሎ የመጣ አንድም አያውቅም። ልጁ ሻንጣዋን ይዛ ልትሄድ እንደምትችል እያሰበ ፈራ፤ የሚፈራላት ልጅ ስላለችውም ኮራ፤ የትኛው እንደበለጠበት አላወቀም። የደረጃውን ብረት ያዘና መውረዱን ቀጠለ።

«እንግዲያው በጠዋት ነይ» አላት። «ከሦስት ሰዓት በኋላ ሰልፍ ነው፤ እኔ ደግሞ ዘመድ ብዬ ተራ አላስቀድምም።»